የእማማ ታንጉት ግራ እግር

"ቃሉን ብቻ እንዳትጠሪው፤ ሌላውን እንዳሻሽ ተርጉሚው" አለ ታከለ፣ የክፍሉን በር በትከሻው ገፍቶ እየዘጋ።

መንበረ በአንድ እጇ ንጹሕ ፋሻ፣ በሌላው የቅባት ብልቃጥ እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ከበሩ ወዲያ የታከለ እናት እማማ ታንጉት ግራ እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለው ተጋድመዋል። ፋሻው ተፈትቷል፤ ሁለቱ ትናንሽ ጣቶች ከጠቆሩ አሥር ቀናቸው ነው፣ ጥቁረቱም ወደ ላይ መውጣት ጀምሯል። ስኳራቸው የቆየ ነው።

"የትኛውን ቃል?" አለች መንበረ፣ እያወቀች።

"መቁረጥ የሚለውን።"

"ዶክተሩ እኮ የሚመጣው እሱን ሊጠይቅ ነው፣ አያ ታከለ። ስለ አየሩ ጠባይ ሊያጫውታቸው መሰለህ?"

ታከለ አልሳቀም። ከአሽዶድ ሮቫ ዩድ-አሌፍ ሰፈር የሚነሳ አውቶቡስ ይነዳል። ከንጋት ጀምሮ ሲያመላልስ ውሎ፣ የሥራ ሸሚዙን እንኳ ሳይቀይር ነው የመጣው። ሃምሳ ስድስት ዓመት ሞልቶት፣ ሁለት ልጆች ድሮ፣ የእናቱ ነገር ሲነሳ ግን እጁ የት እንደሚቀመጥ ይጠፋዋል።

"ቃሉን ከሰማች በድንጋጤ ትሞትብኛለች" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ባትሞትም እምቢ ትላለች። እምቢ ካለች ደግሞ መርዙ ደሟ ውስጥ ይገባና ያው ነው። ለምን ትጨነቅ? እኔ እፈርማለሁ። ወረቀቱን ሬቪታል አዘጋጅታልኛለች።"

ሬቪታል የቤት አቮቱ፣ የአረጋውያን መጦሪያው፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ናት። ወረቀቱ ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድ ማመልከቻ ነው። እማማ ታንጉት ስለ ሕክምናቸው ራሳቸው መወሰን እንደማይችሉ ሐኪም ከመሰከረ፣ ታከለ አፖትሮፖስ ይሆናል፤ በሕግ በእናቱ ቦታ የሚወስን፣ በእናቱ ቦታ የሚፈርም ማለት ነው። ዛሬ የሚመጣው ዶክተር "ይችላሉ" ካለ እሳቸው ይወስናሉ። "አይችሉም" ካለ እግሩ የልጃቸው ሆነ።

"እኔ የተባለውን ነው የማስተረጉመው" አለች መንበረ።

"ስለ አጎቴ አበሩ ሦስት ወር ሙሉ ዝም ብለሽ የለም እንዴ? አሁን ምን ተገኘ?"

ይኼኛው አገኛት። መንበረ በዚህ በሮቫ ዳሌት ሰፈር ባለው ቤት አቮት አሥራ ሁለት ዓመት ሠርታለች። አርባ ሽማግሌዎችን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታጎርሳለች፤ ከነርሷ ጋር ትከራከራለች፣ ከወጥ ቤቱ ጋር ትጣላለች፣ ብዙውን ጊዜም ትረታለች። አፏ አይያዝም የምትባል ሴት ናት። ስለ አበሩ ግን አፏ ተይዞ ነበር።

አበሩ የእማማ ታንጉት ብቸኛ ወንድም ነበር፤ ቂርያት ጋት ይኖር ነበር፣ እዚያው ሞተ። መርዶ እንደ አገሩ ደንብ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሐዘኑ ባለቤት ጤነኛ ሳለ ነው የሚነገረው። የእማማ ታንጉት እግር ግን በዚያው ሳምንት መቁሰል ጀመረ፤ "ትንሽ ይሻላት" ተባለ፣ አልተሻላቸውም፣ መርዶውም እንደተንጠለጠለ ቀረ። አርብ አርብ ሰንበት ከመግባቱ በፊት እማማ ታንጉት ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ይጠብቃሉ። "አበሩ ምን ነካው?" ሲሉ፣ "ስልኩ ተበላሽቶ ነው" የምትለው መንበረ ናት። እንዲህ ባለች ቁጥር ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች።

ዶክተር ጋዲ ከምሳ በኋላ ከሬቪታል ጋር ገባ። ረጅም ሰው ነው፤ የፕላስቲክ ወንበር ስቦ ከአልጋው ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። እማማ ታንጉት ይኼ ደስ አላቸው፤ ቆሞ ቁልቁል የሚያያቸውን ሐኪም አይወዱም።

"የምትለውን እንዳለ ንገሪኝ" አላት ለመንበረ በዕብራይስጥ። "አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። የመጣሁት የተማረች መሆኗን ለማየት አይደለም፤ ውሳኔዋ እኔን ደስ የሚያሰኘኝ እንደሆነ ለማየትም አይደለም። የተነገራትን ትረዳለች ወይ? ትይዘዋለች ወይ? ጥቅሙንና ጉዳቱን ትመዝናለች ወይ? የፈለገችውን ትናገራለች ወይ? ይኸው ነው።"

ታከለ እግርጌው ላይ ቆሞ ቁልፉን በኪሱ ውስጥ ያንኳኳል።

"ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?" ተብለው ተጠየቁ።

"ማክሰኞ" አሉ እማማ ታንጉት። "ዶሮ በላን አይደል? ማክሰኞ ማክሰኞ ዶሮ ነው። ጨው የለውም።"

"የት ነው ያሉት?"

"አሽዶድ፣ ቤት አቮት፣ ሁለተኛ ፎቅ። ሊፍቱ ከሰንበት ወዲህ ተበላሽቷል፣ እሱንም ጻፍልኝ በይው።"

"ዕድሜዎ ስንት ነው?"

"የመታወቂያውን ነው የእኔን? መታወቂያው ሰባ ስምንት ይላል። እኔ ሰማንያ ሁለት ነኝ።"

ዶክተሩ ሳቀ። መንበረም ልቧ ሞላ። እንዲህ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው ብላ አሰበች።

"እግርዎን ምን ሆኑ?"

እማማ ታንጉት ታከለን አንዴ አዩት። "ቁስል ነው። በቅባት ይድናል ብለውኛል።"

ዶክተሩ ከሆስፒታሉ የመጣውን ደብዳቤ ገለጠ። ደብዳቤው ከአሥር ቀን በፊት ቀዶ ጥገናው ለታካሚዋ በልጇ አስተርጓሚነት በሚገባ ተብራርቶላታል ይላል። "ሐኪሞች ሌላ ያሉዎት ሕክምና የለም?"

"የለም። ቅባቱን ነው።"

ጻፈ። "ታዲያ ምን እንዲደረግልዎት ይፈልጋሉ?"

"እናንተ ታውቃላችሁ" አሉ እማማ ታንጉት፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው።

መንበረ እንዳለ ተረጎመችው፤ ዶክተሩም እንዳለ ጻፈው። ያ አባባል የተማረ እንግዳ ፊት የሚባል የጨዋ ቃል መሆኑን፣ እማማ ታንጉት ትናንት ለወጥ ቤት ኃላፊው "አንተ ታውቃለህ" ብለውት ሲያበቁ ሳህኑን እንዳለ መመለሳቸውን ልትነግረው ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። አትጨምሪ ተብላለች፣ ዋጠችው።

"ከልጅዎ ሌላ ዘመድ አለዎት?"

"እንዴታ! ወንድሜ አበሩ አለ። ቂርያት ጋት ነው። አርብ አርብ ይደውልልኝ ነበር፣ አሁን ስልኩ ተበላሽቶ እንጂ።"

ዶክተሩ ፋይሉን አገላበጠ፣ ወደ ሬቪታል ዘንበል አለ። "ወንድሟ ሞቷል የሚል አያለሁ።"

"ከሦስት ወር በፊት" አለች ሬቪታል በሹክሹክታ። "ልጇ ነው የነገረኝ።"

ብዕሩ እንደገና መሄድ ጀመረ። መንበረ ከጎኑ ስለነበረች ጽሑፉ በግልጽ ታያት፦ የቅርብ ጊዜ ሞት አታስታውስም። ሕመሟን አታውቅም። ውሳኔውን ለሌሎች ትተዋለች። ሦስት መስመር። በነዚህ ሦስት መስመሮች እማማ ታንጉት፣ የአርባውን ሽማግሌ የመድኃኒት ሰዓት በቃላቸው የሚይዙት፣ ነርሷ ስትሳሳት "ያ የጎረቤቴ የዮኬቤድ ነው" ብለው የሚመልሱት ሴት፣ አእምሯቸው የጠፋ ሴት ሆነው ቁጭ አሉ። ከሦስቱ መስመሮች ሁለቱን ደግሞ የጻፉት ዶክተሩ ሳይሆን እሷና ታከለ ናቸው።

"ቆይ" አለች መንበረ በዕብራይስጥ፣ ብዕሩን በእጇ ልትይዘው ምንም አልቀራት። "እንዲህ ብለህ አትጻፍ። አልረሱም። አልተነገራቸውም።"

"መንበረ!" አለ ታከለ።

"ወንድማቸው መሞቱን ቤተሰቡ ደብቋቸዋል። የእግሩንም ነገር እንደዚሁ። ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ ግማሽ ሰዓት አወራ፣ ልጃቸው 'ቅባት ታዘዘልሽ' ብሎ ተረጎመ። እሳቸው የሚያውቁት የነገርናቸውን ነው። እኔም ደብቄያለሁ፤ የስልኩን ውሸት የፈጠርኩት እኔ ነኝ።"

ሬቪታል ፊቷ ቀላ። ዶክተር ጋዲ ብዕሩን ፋይሉ ላይ አጋደመው። "ያልተነገራትን ነገር ልትመዝን አትችልም" አለ። "እኔም እንዲህ ሆና ልመዝናት አልችልም። ሃያ ደቂቃ ወጥቼ እመለሳለሁ። ያኔም ካልተነገራት፣ የምጽፈው 'አትችልም' ብዬ ሳይሆን 'አልተነገራትም' ብዬ ነው። በዚህ ወረቀት ደግሞ ማንም አፖትሮፖስ አይሆንም።"

እማማ ታንጉት ሁሉንም ሲያዩ ቆይተዋል። ዕብራይስጣቸው የሱቅና የክሊኒክ ነው፤ በዚያ ሁሉ ወሬ መሐል ግን "ወንድም" የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ሰምተዋል። ብርድ ልብሱን በመዳፋቸው አስተካከሉት።

ታከለ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት።

"አዋረድሽኝ!"

"አዋርጄሃለሁ፤ ራሴንም።"

"መርዶ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሳይሰበሰብ፣ አልጋ ላይ ላለች ሴት ይነገራል? ዘመድ ምን ይለኛል?"

"መርዶውን ለጧት ተወው። እንደ ደንቡ ሽማግሌዎቹን ይዘህ ጎህ ሲቀድ ትነግራቸዋለህ፤ ሦስት ወር የቆየ አንድ ሌሊት አያቅተውም። እግሩ ግን መርዶ አይደለም። የገዛ አካላቸው ነው። ተኝተው ነቅተው፣ ብርድ ልብሱን ገልጠው ሲያጡት ነው የሚያውቁት? ያኔ አጠገባቸው የሚቆመው አንተ ነህ፣ አያ ታከለ። ምን ትላቸዋለህ? ቅባቱ ነው ትላለህ?"

ታከለ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጠ። ቁጣው ከፊቱ ላይ ወረደና ድካሙ ብቻ ቀረ። "አባቴ ጌታው ሲሞት የነገርኳት እኔ ነኝ" አለ። "ብቻዬን፣ ደረጃው ላይ፣ በእኩለ ቀን። ደንቡን የሚያውቅ ሰው አጠገቤ አልነበረም። እዚያው ወደቀች። ሳምንት ሙሉ እህል አልቀመሰችም። ጩኸቷ እስከ ዛሬ መሪ ይዤ ሳለሁ ይመጣብኛል። ደግሜ እኔ ልሁን?"

መንበረ አዘነችለት። ለካ የሚፈራው ለእናቱ ብቻ አይደለም። "ከሳምንቱ በኋላስ?" አለችው፣ ድምፅዋን አለስልሳ።

"ከሳምንቱ በኋላ ምን?"

"እህል ቀመሱ ወይ?"

"ቀመሰች።"

"ቀምሰው አሥራ አራት ዓመት ኖረዋል። ና ግባ፤ አጠገብህ ነኝ።"

ሲገቡ እማማ ታንጉት ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ትራሱን ተደግፈው ቀና ብለው ጠበቋቸው። ታከለ ዶክተሩ የነበረበት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

"እማ፣ እግርሽ በቅባት አይድንም።"

"አውቃለሁ።"

"ምኑን ታውቂያለሽ?"

"አፍንጫ የለኝም እንዴ? በቅባት የሚድን ቁስል እንዲህ አይሸትም። መቼ ይነግሩኝ ይሆን እያልኩ አንተን አንተን ሳይ ነው የሰነበትኩት። ስትገባም ስትወጣም ጫማህን ታያለህ።"

ታከለ የእናቱን እጅ ያዘ። "ይቆረጥ ነው የሚሉት፣ እማ" አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ከዚያ ገለጠውና በመዳፉ የራሱን ቅልጥም ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ መታ አድርጎ አሳያቸው። "እዚህ ጋ። ካልተቆረጠ መርዙ ወደ ላይ ወጥቶ ይገድልሻል ነው የሚሉት። ሆስፒታል ያሉን ይኼንን ነበር። እኔ ነኝ የደበቅኩሽ።"

አልጮኹም፣ አልወደቁምም። እማማ ታንጉት የጠቆሩትን ጣቶች ለረጅም ጊዜ አዩ። ከታች ከመንገዱ አውቶቡስ ሲቆምና ሲነሳ ይሰማል። ዶክተሩ ሰዓቱን ጠብቆ በሩን ከፍቶ ገባና ነገሩ ገብቶት ጥጉ ላይ ቆመ።

"የተቆረጠውን የት ያደርጉታል?" አሉ እማማ ታንጉት።

"ምኑን?" አለ ታከለ።

"እግሬን ነዋ! ከቆሻሻ ጋር ይጥሉታል?"

መንበረ ተረጎመች። ዶክተር ጋዲ ቀና አለ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣል ብሎ የጠበቀ አይመስልም። "አይጣልም" አለ። "የቀብር ማኅበሩ፣ ሔቭራ ካዲሻ፣ ይወስደዋል። እንደ ሰው አካል በክብር ይቀበራል።"

"የት?"

"ቤተሰቡ ቦታ ካለው እዚያ።"

"አለኝ። ባለቤቴ ጌታው እዚሁ አሽዶድ ነው የተቀበረው፣ ጎኑ የእኔ ቦታ ነው። እዚያ ይቅበሩልኝ። እሱ ቀድሞ ይሂድ፤ እኔ ስደርስ እደርሳለሁ።" ይኼን ብለው ታከለን አዩት። "ምን ታለቅሳለህ? የሚቆረጠው የአንተ ነው?"

ዶክተሩ ወደ አልጋው ቀረበ፤ ወንበር ስላልነበረ መሬት ላይ ተንበረከከ። በዕድሜያቸው ምክንያት ከቀዶ ጥገናው ላይነቁ የሚችሉበት አጋጣሚ ትንሽም ቢሆን እንዳለ ሳይሸፍን ነገራቸው። መንበረም ሳትሸፍን ተረጎመችው። "አሁን የሰሙትን በራስዎ አባባል መልሰው ይንገሩኝ" አለ።

"ፈተና ነው እንግዲህ" አሉ እማማ ታንጉት። "ካልተቆረጠ፣ መርዙ ይወጣና ይገድለኛል። ከተቆረጠ፣ ቢላዋው ሥር ልቀር እችላለሁ፤ ካልቀረሁ በዊልቸር እሄዳለሁ። ሌላ አለው?"

"የለውም። የትኛውን ይመርጣሉ? ለምን?"

"ዮኬቤድን ጥራትና ጠይቃት። ቀጣዩ ክፍል ናት፣ የሞሮኮዋ። አምና ተቆረጠች። መጀመሪያ አልቅሳ አልቅሳ ሰው ጠላች። አሁን ዊልቸሯን እየነዳች የሁሉንም ክፍል ወሬ ትለቅማለች፤ ከእኔ ቀድማ ምግብ አዳራሽ ትደርሳለች። እኔ ይኼንን በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ይቆረጥ። ግን እሑድ። ሰንበትን በሁለት እግሬ ላክብር።"

"እሑድ ይሆናል፣ ከእሑድ ግን እንዳያልፍ" አለ ዶክተሩ። ቀጥሎ ፈገግ ብሎ፣ "ቅድም ግን 'እናንተ ታውቃላችሁ' ብለውኝ ነበር" አላቸው።

"እሱማ ለእንግዳ የሚባል ነው። እግሩ የእኔ ነው።"

ዶክተር ጋዲ የቅድሙን ገጽ ከፋይሉ አውጥቶ በላዩ መስመር ሠረዘበት፣ አዲስ ገጽ ከፈተ። መንበረ አሁንም ሰርቃ አነበበች፦ ትረዳለች፣ ትመዝናለች፣ ትወስናለች። እማማ ታንጉት የስምምነቱን ወረቀት ተቀብለው፣ ከኡልፓኑ፣ ከዕብራይስጥ ትምህርት ቤቱ፣ የቀረቻቸውን ስማቸውን በዕብራይስጥ ፊደል አንድ በአንድ ጻፉ። ለመጨረሻዋ ፊደል ምላሳቸውን ወጣ አደረጉ። ታከለ የአፖትሮፖሱን ማመልከቻ ከኪሱ አወጣና ለሬቪታል መለሰላት፤ እሷም ተቀበለችው። ዶክተሩና ሬቪታል ወጡ።

መንበረ ፋሻውን መጠቅለል ጀመረች። ታከለ ወደ መስኮቱ ሄዶ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። ፈረቃ የሚደለድለውን ሰው ነበር የሚያናግረው። "ነገ የጧቱን ፈረቃ ለሌላ ስጠው" አለ በዕብራይስጥ። "አዎ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ጎህ ሲቀድ እናቴ ዘንድ መሆን አለብኝ... አይ፣ ብቻዬን አይደለሁም።"

ሲዞር እናቱ እያዩት ነበር። የመንበረ እጅ ፋሻው ላይ ቆመ። ዛሬ ፊቷን ወደ መስኮቱ አላዞረችም፤ የእማማ ታንጉትን ዓይን በዓይኗ ተቀበለች።

እማማ ታንጉት ስልካቸውን ከጭናቸው አንስተው፣ ኮመዲኖው ላይ በፊቱ ደፉት።

"መንበርዬ" አሉ። ድምፃቸው አልተሰበረም፣ ዝቅ ብሎ ብቻ ነበር። "ከምግብ አዳራሹ ወንበር አምጪልኝ። ለጧት ስምንት የሚበቃ ይመስለኛል።"

መንበረ ፋሻውን አሠረችና ወጣች። አሥር አመጣች፤ ከአሥሩ አንዱን ለራሷ፣ ከአልጋው ራስጌ አስቀመጠችው።